የአያ በላቸው ወገብ

የወተት ጥርሴ በሚነቃቀልበት ዕድሜ ላይ ሳለሁ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ልጃቸውን ትርንጎን ይዘው ከስምጥ ሸለቆ ወደ መንደራችን ተመለሱ። መንደራችን ከቡሬ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። አባቴ «አያ በላቸው» ስለሚላቸው እኛ ልጆችም እንደዚያው እንጠራቸው ነበር። በወጣትነታቸው ለእርሻ ሥራ ወደዚያ ቆላ ወርደው፣ እዚያው አግብተው፣ ሚስታቸው ስትሞትባቸው ነው የተመለሱት።

ያኔ ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቆሎው ይደርስና፣ ከራት በፊት እሸቱን በፍም ላይ እየጠበስን አያ በላቸውን ከብበን እንቀመጥ ነበር። ጭሱ ያስለቅሰናል፣ ኩራዙ ምሰሶው ላይ ይርገበገባል፣ እሳቸው ጀርባቸውን ቀጥ አድርገው ግድግዳው ላይ አስደግፈው የጅቡንና የዝንጀሮዋን ተረት ይነግሩናል። ወደ ጎን ማየት ሲፈልጉ አንገታቸው ብቻውን አይዞርም፤ መላ ሰውነታቸው አብሮ ይዞራል። እኛ ልጆቹ ይህንንም የተረቱ አንድ ክፍል አድርገን ወስደነው ነበር።

መንደሩ ግን እንደዚያ አልወሰደውም። በእኛ አገር ታናሽ ለታላቅ፣ ታላቅም ለካህን ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል። አያ በላቸው ለማንም ዝቅ አይሉም። መስቀል ሲሳለሙ እንኳ እንደቆሙ ናቸው። «ቆላ ወርዶ ኩራት ተምሮ መጣ» ይሉ ነበር ሴቶቹ ውሃ ሲቀዱ። እሳቸውም ሰምተው እንዳልሰሙ ያልፋሉ።

ትርንጎ በአንድ ዓመት ትበልጠኝ ነበር። መልከ መልካም ናት፤ ጥርሷ ላይ ግን እንደ ዛገ ቆርቆሮ ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረ፣ ጫፍ ጫፉም ተሸራርፏል። አንድ ቀን ምንጭ ስንወርድ፣ ሌሎቹን ልጆች ለማሳቅ ብዬ «አንቺ፣ ጥርስሽን አትፍቂውም እንዴ?» አልኳት። ሁሉም ሳቁ። እሷም አብራን የሳቀች መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ግን አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሳትሸፍን ስቃ አታውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ከቤታቸው ጓሮ አገኘኋት። የሸክላ ስባሪ ፈጭታ፣ ከአመድ ጋር ደባልቃ፣ ጥርሷን ትፈገፍጋለች። ድዷ ደምቶ ደሙ በአገጯ ይወርዳል።

«ሊለቅ እኮ ነው፤ ትንሽ ነው የቀረው» አለችኝ።

ሮጬ ሄጄ ለአያ በላቸው ነገርኳቸው፤ እኔ ያልኳትንም አልደበቅሁም። መጥተው አጠገቧ ቆሙ። ጎንበስ ብለው ሊያነሷት ስላልቻሉ እጃቸውን ብቻ ዘረጉላት።

የዚያን ዕለት ምሽት እንደ ልማዳችን እሳቱን ከበብን። አባቴና እናቴም ነበሩ። አያ በላቸው «ተረት ተረት» ሳይሉ ጀመሩ፤ እኛም «የላም በረት» ሳንል ቀረን።

«አንዲት ጉድጓድ ነበረች» አሉ። «ውሃዋ እንደ መስታወት የጠራ፣ በጋም ሆነ ክረምት የማይደርቅ። ለመጣ ሁሉ ታጠጣለች፣ ዋጋ አትጠይቅም። ዋጋዋን የምትቀበል ከዓመታት በኋላ ነው። ከሕፃናቱ የጥርሳቸውን ንጣት፣ ከትልልቆቹ የወገባቸውን መታጠፍ ትወስዳለች።»

«ታዲያ ሰዎቹ ለምን ይጠጣሉ?» አልኳቸው።

«ሌላ ውሃ የላቸውማ! ደግሞስ በምን ያውቁታል? አይሸት፣ አይመር። የትርንጎ እናት ለልጄ ብላ እያፈላች ነበር የምታጠጣት።» ቀጥለውም «ማፍላቱ አያስወጣውም አሉን ሐኪሞቹ፣ ከረፈደ። ፍሎራይድ ይሉታል። ከመሬቱ ነው ውሃው ውስጥ የሚገባ። ጥቂቱ ለጥርስ ይበጃል አሉ፤ ሲበዛ ግን ጥርሱን ያበላሻል፣ አጥንት ውስጥ ገብቶም ሰውን እንዲህ እንደኔ ያደርቃል» አሉ።

አባቴ ደንግጦ አያቸው። «አያ፣ ሰው ኩራተኛ ነው እያለ ሲያማዎት ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉ?»

«ወገቤ እንቢ አለኝ ብዬ ከሚታዘንልኝ፣ ኩራተኛ መባሉን መረጥሁታ» አሉና ፈገግ አሉ። ከዚያ መላ ሰውነታቸውን ወደ ልጃቸው አዙረው፣ «ትርንጎ፣ ጥርስሽ ቆሻሻ አይደለም፤ ታጥቦም አይለቅ። የጠጣሽው ውሃ ነው። አንቺ ያጠፋሽው የለም፣ እናትሽም ያጠፋችው የለም» አሏት።

ይቅርታ ማለት ያኔ አላውቅበትም ነበርና፣ ተነሥቼ የራሴን እሸት ሰጠኋት። ተቀብላ ለሁለት ሰበረችና ግማሹን መለሰችልኝ።

የመንደር ወሬ አያድርም። በመጣው እሁድ ቄሱ መስቀሉን ይዘው አያ በላቸው ዘንድ ሲደርሱ፣ መስቀሉን ከፍ አድርገው እስከ ከንፈራቸው አደረሱላቸው። ቄሱ አጭር ሰው ስለነበሩ በእግር ጣታቸው መቆም ነበረባቸው። ከኋላዬ አንዲት ሴት «አፈር ልብላ!» ስትል ሰማሁ።

አያ በላቸው ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ። ሕመሙ አልተዋቸውም፤ በብርድ ጊዜ ከመደብ መነሣቱም ይቸግራቸው ነበር። ግን ጎረቤት ማሳቸውን ሊያርምላቸው ሲመጣ እንቢ ማለቱን ትተው፣ ዳር ቁጭ ብለው በጨዋታ ያስቁት ጀመር። ትርንጎ ዛሬ ደምበጫ አግብታ ሦስት ልጆች አሏት። ጥርሷ እንደነበረው ነው፤ ሳቋ ግን ከአጥር ውጭ ይሰማል።

እኔ ፍኖተ ሰላም አስተምራለሁ። ያኔ ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ከልቤ ጠፍተዋል፤ የዚያች ምሽቱ ግን አብሮኝ አለ። ሰው ሕመሙን በዝምታ ሸፍኖ ስንት ዓመት ሊኖር እንደሚችል፣ ያንን ዝምታ መስበርም ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። አያ በላቸው ለመንደሩ ሁሉ ያልተናገሩትን፣ ለአንዲት ልጅ ሲሉ ተናገሩት።