የአረንጓዴው መሳቢያ

ሊፍት የሚጠግን ሰው ብዙ አያወራም ይላሉ። ውሸት ነው! እኔ ሊፍት እጠግናለሁ፣ አፌን የሚዘጋው ግን እንቅልፍ ብቻ ነው፤ ሚስቴን ጠይቋት። ዝም የሚለው የሥራ ጓደኛዬ ነው። እኔ ከላይ ሞተሩ ጋ፣ እሱ ከታች ጉድጓዱ ውስጥ ሆነን ያን ሁሉ ዓመት ስንሠራ፣ ከ"ያዝ"፣ "ልቀቅ" እና "ቁም" ሌላ ቃል ከአፉ ለማውጣት ጉጠት ያስፈልግ ነበር።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ብሎኬት ነው የምንለው። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፣ ማን ሊሆን ኖሯል? አንድ ቀን የመሣሪያ ቦርሳው ተገለበጠና ከመፍቻውና ከብሎኑ መሀል እነዚያ ልጆች እየገጣጠሙ የሚጫወቱባቸው ትንንሽ የፕላስቲክ ጡቦች ዝርግፍ አሉ። "የማን ልጅ ነው ይሄን የረሳብህ?" አልኩት። "የእኔ ናቸው" አለ። "ያንተ?" "የእኔና የባለቤቴ" ብሎ አንድ በአንድ ለቅሞ ኪሱ ከተተ። እንግዲህ እንዲህ ያለ ነገር እጄ ገብቶ ልተወው? ሲያምርህ ይቅር! በማግስቱ ጥበቃው ሳይቀር ብሎኬት ይለው ጀመር። እሱ አልተቀየመም። ለሚስቱ ሲነግራት ግን በሳቅ ልትሞት ደረሰች አሉ፤ ከዚያ ወዲያ እሷም ቤት ውስጥ "ብሎኬት፣ ራት ቀርቧል" ማለት ጀመረች።

ሚስቱ ቀለም ቤት ነበር የምትሠራው። ደንበኛ የመጋረጃ ቁራጭ ይዞ መጥቶ "ግድግዳዬን ይህን አስመስይልኝ" ሲላት ከዚህም ከዚያም ጠብ እያደረገች ቀምማ ትሰጣለች፤ ተሳስታ አታውቅም። ልጅ አልነበራቸውም። ፈልገው ነበር፣ አልሆነም። ጡቡን የጀመሩትም በሌላ ሰው ልጅ ሰበብ ነው። ለጎረቤት ልጅ ስጦታ ብላ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ ከረጢት ሙሉ ገዝታ መጣች፤ ቆሻሻ ስለነበር በሳፋ አጥባ ፎጣ ላይ አሰጣችው፤ እስኪደርቅ ድረስ ሁለቱም ቁጭ ብለው አንዱን ካንዱ ሲገጣጥሙ መሸ። ለጎረቤት ልጅ ኳስ ተገዛለት።

መጀመሪያ ቤታቸው የሄድኩ ቀን ላሾፍ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ጸጉራቸው ሽበት ያወጣ፣ ምንጣፍ ላይ ተዘርፍጠው ድልድይ ሲሠሩ ብታዩ እናንተስ ምን ትላላችሁ? አፌን ልከፍት ስል አንዷን ጡብ በካልሲ ረገጥኳት። ወይኔ እናቴ! የረገጠ ያውቀዋል። ሚስትየው እንባዋ እስኪወርድ ሳቀችና "በል ቁጭ በል፣ ቆመህ የምትሄድበት ቤት አይደለም" አለችኝ።

እና ያ ዝምተኛ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ያወራል! ይከራከራል! ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ክርክራቸው ሁለት ነበር። አንደኛው ስለ መሳቢያዎቹ ነው። በግድግዳው ልክ ትንንሽ መሳቢያ ተደርድሯል፤ እሷ ጡቦቹ በቀለም ይለዩ ትላለች፣ እሱ በቅርጽ። "ቀይ ጡብ ከተቀላቀለ ክምር ውስጥ ዓይን ራሱ ለቅሞ ያወጣታል" ይላል ብሎኬት። "ባለ ሁለት ጉብታዋን ትንሽ ጡብ ግን ከቀይ ክምር ውስጥ ፈልጊያት እስቲ! ሁሉም ቀይ!" እንዲህ ያለ ረጅም ንግግር ከሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም። እሷ ደግሞ "የብሎን ሳጥን አደረግከው እኮ! ቤት መጀመሪያ የሚታየኝ በመልኩ ነው" ትላለች። ሁለቱም ከየሥራቸው ያመጡት ነገር ነው፣ ምን ታደርገዋለህ።

ሁለተኛው ክርክር የባሰ ነው። አረንጓዴም ሰማያዊም መሆን ያልቆረጠላት አንዲት ቀለም ነበረች። እሷ "አረንጓዴ ናት" ትላለች፤ እሱ "ሰማያዊ ናት" ይላል። "ቀለም ቀማሚዋ እኔ!" "ዓይን ያለኝ እኔም!" እንግዳ በመጣ ቁጥር ዳኛ ይሆናል። እኔን ሲጠይቁኝ "ለእኔ ግራጫ ናት" ብዬ አመለጥኩ። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ያለው ሰው እነሱን ሳያይ መሆን አለበት።

ከዚያ ታመመች። ሥራ ተወች፣ ቀጥሎ ደጅ መውጣት ተወች። ብሎኬት ጠዋት ትራስ ደግፎላት ይወጣል፤ እሷ ትሪ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መሳቢያዎቹን ተራ በተራ እየገለበጠች፣ ያንን ሁሉ ጡብ በቀለም ለየችው። ከልካይ የለ! አንድ ቀን ከሥራ ሲገባ ጨርሳ ጠበቀችው። "ስትድኚ እንደገና በቅርጽ እለየዋለሁ" አላት። "እንግዲያው ልዳንና ትለየዋለህ" አለችው። አልዳነችም።

እሷ ከሞተች በኋላ ጠረጴዛው ላይ አብረው የጀመሩት ባለ ፎቅ ቤት ግማሽ እንደሆነ ቀረ። መሀሉ ላይ በክር የሚሳብ ሊፍት አለው፤ ሊፍቱ የብሎኬት ሥራ ነው፣ ሲሳብ በየፎቁ ይቆማል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ የእሷ ድርሻ ነበር፣ ገና ነው። ብሎኬት ሥራ ሲመለስ የገረመኝ ነገር ማውራት መጀመሩ ነው። ያውም ስሞታ! "ትናንት አንዲት ባለ ሁለት ጉብታ ነጭ ስፈልግ አመሸሁ። ይቺ ሴትዮ መሳቢያውን ምን እያሰበች ነው እንዲህ የምታደርገው?" ይለኛል። "የምታደርገው" ነው የሚለው፣ ሥራ ውላ ማታ እንደምትመጣ። እኔ አላረምኩትም። ለታላቅ እህቱም በስልክ የሚነግራት ይህንኑ ነበር፦ "ምንም ማግኘት አልቻልኩም እትዬ፣ ተቸገርኩ እትዬ።"

አንድ ቀን ግን የሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተቀምጠን ገመድ ስናጸዳ፣ ሳልጠይቀው "ቢጫው መሳቢያ ውስጥ አንዲት ቀይ አገኘሁ" አለኝ።

"እሷ? ተሳስታ?"

"መጨረሻ ላይ ይሆናል። ዓይኗ ደክሞ።"

"እና ወደ ቀዩ መለስካት?"

"ወደ ቢጫው። እሷ ያስቀመጠቻት ቦታ።" ጨርቁን አጣጠፈው፣ ዘረጋው፣ መልሶ አጣጠፈው። "ልብሷን እትዬ ለሰው ሰጠችው፤ ልክ ናት፣ መሰጠት ነበረበት። እጇ ያስቀመጠው እንዳለ የቀረልኝ እነዚያ መሳቢያዎች ብቻ ናቸው። አንድ ጡብ ሳወጣ ራሱ ትጎድልብኛለች።"

እኔ፣ ምላሴ አጥንት የለውም የምባለው ሰውዬ፣ "ያዝ" አልኩና የገመዱን ጫፍ ሰጠሁት። "ይዣለሁ" አለ።

ይህንን ለእኔ ነገረኝ እንጂ ለእህቱ አልነገራትም። እትዬ ከሱ በብዙ ትበልጣለች፤ እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ጡረታ እስክትወጣ የመለዋወጫ መጋዘን ኃላፊ ነበረች፤ አንዲት ብሎን ከቦታዋ ዝንፍ ካለች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት። የቤቱ ቁልፍ አላት። ወንድሟን ትወደዋለች፣ ፍቅሯ ግን እጅና እግር ያለው ነው፤ ተቀምጣ አታለቅስልህም፣ ተነስታ አንድ ነገር ታደርግልሃለች።

አዲስ ሊፍት ልንተክል ሌላ ከተማ ተልከን ሳምንት ያህል ቆየን። ልንመለስ ስንል እትዬ ለእኔ ደወለች። "ቅዳሜ ስትገቡ አንተም እሱ ጋ ና። ምሳ ሠርቼ እጠብቃለሁ። አንድ ጉድ አለ፣ እንዳትነግረው!" ልትድረው ነው ብዬ በልቤ አውቶቡስ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ስስቅ መጣሁ። "ምን ሆነሃል?" ይለኛል። "ምንም" እለዋለሁ።

ደረስን። እትዬ በሩ ላይ ሽርጧን እንዳሰረች ቆማለች። "ቦርሳችሁን እዚያ ጣሉ፤ ዓይናችሁን ጨፍኑ!" እጃችንን ይዛ፣ ሁለት ሽበታም፣ እንደ ሕፃን እየመራች ወደ ጡቦቹ ክፍል አስገባችን። "ግለጡ!"

መሳቢያዎቹ ላይ ሁሉ ነጭ ወረቀት ተለጥፏል፣ በመጋዘን ጽሕፈት፣ ቀጥ ባለ። ባለ አንድ ጉብታ። ባለ ሁለት። ጠፍጣፋ። መስኮት። ጎማ። ግድግዳው በሙሉ።

"በቅርጽ!" አለች እትዬ። "ስንት ጊዜ ስታማርር ሰማሁህ! እኔ እህትህ ካልሰማሁህ ማን ይስማህ? ሳምንቱን እዚሁ እያደርኩ ነው የጨረስኩት። አቤት የነበረው መዘበራረቅ! ነፍሷን ይማርና፣ ቢጫው ውስጥ እኮ ቀይ ሁሉ ገብቶ ነበር!"

ወደ ብሎኬት ዞር ብዬ ማየት ፈራሁ። ግን አየሁ። ፊቱ ላይ ምንም የለም። ወደ መሳቢያዎቹ ሄዶ አንዱን ሳበ፤ ውስጡ ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ሁሉም ባለ ሁለት ጉብታ። ዘጋው። ተመልሶ እህቱን አቀፋትና ጉንጯን ሳመ። "እጅሽ ይባረክ እትዬ" አላት።

"ወደድከው?"

"እንዲህ እንዲሆን ነበር የምፈልገው።"

ምሳ ቀረበ። እሱ በላ፤ ጨምሪልኝ ሁሉ አለ። እኔ ግን ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። እንዴት ነው ዝም የሚባለው? "እትዬ፣ እሱ እኮ..." ብዬ ስጀምር ብሎኬት በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ፤ ያ አፍንጫው ብረት ያለበት የሥራ ጫማ ገና ከእግሩ አልወጣም። "ምን ልትል ነበር?" አለች እትዬ። "ሾርባው ይጣፍጣል" አልኩ። በዕድሜዬ ከእንቅልፍ ሌላ አፌን የዘጋው ነገር ያ ጫማ ነው።

ታክሲ ድረስ ሸኝቷት ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅሁት። "አንተ ሰውዬ ምን ነክቶሃል? ለምን አትነግራትም?"

"ጉልበቷ አብጧል" አለ። "ስትነሳ ግድግዳ ይዛ ነው፣ አላየህም? ለእኔ ብላ ነው መሬት ላይ የሰነበተችው። ምን ብዬ ልንገራት? የቀረችኝ እሷ ናት።"

"እሺ እንመልሰው! በቀለም። ዛሬውኑ፤ አግዝሃለሁ።"

"የእኔና ያንተ እጅ ይሆናል እኮ። የእሷ አይሆንም።" ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። "ያን ሁሉ ዓመት የተከራከርኩበት ነው፣ አየህ? ይኸው አሸነፍኩ።" ሊስቅ ሞከረ፤ አልቻለም። አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፤ ምን አፍራለሁ።

ትንሽ ቆይቶ ተነሳና የታችኛውን ጥግ መሳቢያ ባዶ አደረገው። ወረቀቱን ላጠ። "ሌላው እትዬ እንዳደረገችው ይቆይ። አንድ ብቻ እፈልጋለሁ። አረንጓዴውን።"

ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ከየመሳቢያው አረንጓዴ አረንጓዴውን እየለቀምን ጠረጴዛው ላይ አከማቸን። ክርክር ያለባትን ቀለም ሳገኝ ግን ለብቻ፣ ወደ መስኮቱ በኩል አኖርኩለት፤ ሰማያዊ ናት ባይ እንደሆነ አውቃለሁ፣ በዚህ ቀን ላስቆጣው አልፈለግሁም። አረንጓዴዎቹ መሳቢያ ውስጥ ገቡ። እሱ ቆሞ የቀሩትን አየ።

"እነዚህስ?"

"ሰማያዊዎችህ ናቸው" አልኩት።

አንዷን አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዛት። ገለበጣት። "አረንጓዴ ናት" አለ።

"አሁን ገና ታየህ?" አልኩ፤ ምላሴ ይቆረጥ።

"ያኔም አረንጓዴ ነበረች። እንኳን እኔ ማንም ያያታል።" ጡቧን በጣቱ ይደባብሳታል። "ወሬ አላውቅም፤ ታውቀኛለህ። ሥራ ውላ ስትመጣ ምን ብዬ ላጫውታት? ሰማያዊ ናት ስላት ግን ቱግ ትላለች፣ ትስቃለች፣ ወደ መስኮቱ ትጎትተኛለች። በዚች ጡብ ሰበብ ስናወራ እናመሽ ነበር።"

የቀሩትን በመዳፉ ሰብስቦ አረንጓዴዎቹ ላይ ጨመራቸው። መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋውና "ይኸው፣ አረንጓዴ ናት" አለ ጮክ ብሎ። ለእኔ አልነበረም። ትንሽ ጠበቀ፤ የሚመልስለት ሰው አልነበረም።