በር ላይ የተሰቀለው መሶብ

ቤቱን የገዛነው የቤት ዋጋ በወደቀበት ጊዜ ነው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ አሥር አካባቢ። ፌደራል ዌይ ከምትባለው ከተማ ወደ ምሥራቅ፣ መንገዱ እየጠበበ የፈረስና የላም አጥር በሚጀምርበት በኩል የሚገኝ፣ የገበሬ ቤት የነበረ አሮጌ የእንጨት ቤት። ባለቤቴ የኤርፖርት አውቶቡስ ይነዳ ነበር። እኔ አዛውንቶችን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። ከሥራ የተረፈኝን ጊዜ ለመጽሐፍ፣ ለአበባና ለአሮጌ ዕቃ ነበር የማውለው።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አዲስ አበባ በማታ ትምህርት ቤት፣ እዚህ ደግሞ ሠላሳን ካለፍኩ በኋላ ኮሌጅ ገብቼ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ዐመል አለው፤ የተጻፈን ነገር ያምናል። የአበባው ዘር ከረጢት ላይ በአበባና በአበባ መካከል ይህን ያህል ክፍተት ይኑር ከተባለ፣ ማስመሪያ ይዤ እንበረከካለሁ። ባለቤቴ በመስኮት እያየ፣ «አበባ ነው ወይስ ወታደር የምታሰልፊው?» ይለኝ ነበር።

ሶዶ በሚሉት የከተማው የመጋዘን ሰፈር (የአገር ቤቱ ሶዶ አይደለም)፣ ከፈረሱ ቤቶች የወጣ በር፣ መስኮትና ገንዳ የሚሸጥበት ትልቅ መጋዘን አለ። እዚያ ከገባሁ ቶሎ አልወጣም። አራት እግር ያለው የብረት መታጠቢያ ገንዳ አመጣሁና አፈር ሞልቼ ቱሊፕ የሚባለውን አበባ ተከልኩበት። መሳቢያ ያለው አሮጌ ቁም ሣጥን ሰው የቤቱን ዕቃ ደጁ አውጥቶ ከሚሸጥበት ከጋራዥ ሴል ገዛሁ፤ መሳቢያዎቹን እንደ ደረጃ ከፍ ዝቅ አድርጌ ስቤ በየአንዳንዳቸው አበባ አበቀልኩ። የብረት አልጋ ራስጌ ደግሞ የጓሮው አጥር በር ሆነ። ማጠፊያ ብቻ ነው የጨመርኩለት።

አማቴ የመጡት የዚህ አገር ብርድ ሊያበቃ ሲል፣ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። እዚህ አገር ሁለት ልጆች አሏቸው፤ ባለቤቴና ሊንውድ የምትኖረው እህቱ። ሲመጡ የተናገሩት ግልጽ ነበር። «ሁለታችሁንም አያለሁ። የተስማማኝ ጋ እቀመጣለሁ። ማንም እንዳይቀየመኝ።» የእህቱ አፓርታማ አሳንሰር አለው፤ ከታች ሱቅ አለ፤ ጎረቤቱም ሐበሻ ነው። እኛ ጋ ያለው ፈረስ ነው። ግን ባለቤቴ ያንን ቤት የመረጠው ምድር ቤቱ ላይ መኝታ ክፍል ስላለው ነበር፤ እናቱ ደረጃ እንዳይወጡ ብሎ። አባቱ ሲሞቱ የመኖሪያ ወረቀቱ ስላላለቀ ለቀብር አልደረሰም። እናቱን ግን በቤቱ ሊጦር ይፈልግ ነበር። አፍ አውጥቶ አይለምናቸውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲያስጨንቀው መኪናውን ነው የሚያጥበው፤ ያን ሰሞን መኪናችን በጣም ንጹህ ነበር።

የመጡ ዕለት የቤቱን ቁልፍ ሰጣቸው። አልተቀበሉትም። «ይቆይ። እንግዳ ቁልፍ አይዝም» አሉ። ቁልፉን ማድ ቤት ሚስማር ላይ ሰቀለው።

በማግስቱ ግቢውን አስጎበኘኋቸው። የአጥሩ በር ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ አልጋ አይደለም እንዴ?»

«ነበር እማማ።»

«የማን?»

«አላውቅም። ከጋራዥ ሴል ነው የገዛሁት።»

«ሞቶ ይሆናላ ሰውየው።»

«ሊሆን ይችላል።»

«አንተ!» አሉ ወደ ልጃቸው ዞረው፤ «ሚስትህ የሞተ ሰው አልጋ የአጥር በር አድርጋልሃለች፤ ሰምተሃል?»

ሰምቷል። ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታና አሰረ። አማቴ ከሻንጣቸው ጸበል የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አወጡና አልጋውን ረጩት። ከዚያ በኋላ ከሶዶ አዲስ ነገር ይዤ በመጣሁ ቁጥር ጠርሙሱ ይወጣል። ገንዳው ተረጨ፤ ቁም ሣጥኑም ተረጨ። ቱሊፑ ያን ዓመት ከሌላው ጊዜ አብልጦ ሲያብብ፣ «ታዲያ! ጸበል ጠጥቶ!» አሉኝ። እኔ በመኸር የጨመርኩበትን ፍግ አላነሳሁም።

የማያልፉት አንድ ነገር መሶቡ ነበር። ሊንውድ አንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር ውስጥ፣ በአሻንጉሊትና በጫማ መሀል ያገኘሁት ትንሽ መሶብ ነው። ክዳኑ የለም፤ ከንፈሩ አንድ በኩል ተበልቷል፤ ቀለሙ ግን ደህና ነበር። ለምግብ እንደማይሆን ስለገባኝ የደረቀ አበባ ሞላሁበትና የፊት ለፊት በራችን ላይ ጎኑን ለበሩ፣ አፉን ሰያፍ ወደ ውጭ አድርጌ ሰቀልኩት። ለኔ አምሮ ነበር።

«መሶብ ይሰቀላል?» አሉ አማቴ። «ደግሞስ አፉን ወደ መንገድ? አላፊ አግዳሚው ባዶ መሶባችንን እንዲያይ?»

«አበባ አለበት እኮ እማማ።»

«አበባ ይበላል?»

አወርደዋለሁ እያልኩ ሳምንታት አለፉ።

ሚያዝያ ላይ አማቴ ከገቡበት የልደታ ማኅበር የግንቦቱ ተራ ደረሳቸው። እዚህ አገር የመጀመሪያ ድግሳቸው ነው። ልጃቸው ከሊንውድ ደወለች። «እማዬ፣ እዚህ እናድርገው። ሕንፃው የድግስ ክፍል አለው፤ ፓርክ ማድረጊያም አለ። እዚያ ገጠር ማን ይመጣል?» አማቴ፣ «የወንድ ልጄ ቤት እያለ በክራይ አዳራሽ አልደግስም» አሉ። ይህን ሲሉ ባለቤቴ አጠገባቸው ነበር። ወጣና መኪናውን አጠበ።

«በሉ፤ እንግዳ ሳይመጣ ያ መሶብ ይውረድ» አሉ አማቴ። ባለቤቴ እጁን ወደ መሶቡ ሲሰድ አንዲት ወፍ ከውስጡ በፊቱ ላይ ብርር ብላ ወጣች። ጎንበስ ብሎ አየ። በደረቀው አበባ መሀል በሣርና በፀጉር የተሠራ ጎጆ፤ ጎጆው ውስጥ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ሰማያዊነት ያላቸው እንቁላሎች። ወፏን አውቃታለሁ። ከቤተ መጻሕፍት የተዋስኩት መጽሐፍ ላይ አለች። ወንዱ ራሱና ደረቱ ቀይ ነው፤ ሴቷ ቡናማና ዝንጉርጉር። ከሰው ቤት አትርቅም።

አማቴ መጡና በእግር ጣታቸው ጫፍ ቆመው አዩ።

«እንቁላል አለ?»

«አለ» አለ ባለቤቴ።

«እጅህን ሰብስብ። አራስ ናት።»

ሰበሰበ።

እንደ ልማዴ መጽሐፉን ገለጥኩ። እናቲቱ ደጋግማ ከተረበሸች ጎጆውን ጥላ ልትሄድ ትችላለች ይላል። በሩ በተከፈተ ቁጥር መሶቡ አብሮ ይወዛወዛል፤ ስለዚህ በሩን ከውስጥ በፕላስተር አሸግኩትና «አይከፈትም» ብዬ ጻፍኩበት። በጓሮ በር፣ በልብስ ማጠቢያው ክፍል በኩል እንወጣና እንገባ ጀመር። ጫጩቶቹ ተፈልፍለው እስኪወጡ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ድግሱን ያን ጊዜ አላሰብኩትም። የወፏን ነገር ስለካ የሰዎቹን ነገር ረሳሁ።

አማቴ ግን አሰቡት። «ማኅበርተኛው በየት ሊገባ ነው?»

«በጓሮ በር እማማ።»

«በልብስ ማጠቢያው? አባታችን መስቀላቸውን ይዘው፣ ጽዋው ተይዞ፣ በቆሻሻ ልብስ መሀል? በጓሮ የሚገባ ሌባና ድመት ነው፤ ልጄ።»

በሩን እንዳይከፍቱ ራሳቸው አራስ ብለዋል። እንዳይዘጉ ደግሞ እንግዳ አለባቸው። ሁለት ቀን ያህል እምብዛም አላነጋገሩኝም። ከዚያ ከክፍላቸው ከሊንውዷ ልጃቸው ጋር በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አያውቁበትም። «እሺ፣ እዚያው ይሁን። ስትመጪ ሻንጣዬንም አብረሽ ትወስጃለሽ። ምን ላድርግ፤ በር የሌለው ቤት ነው።»

ባለቤቴ ማታ ስነግረው አልተቆጣም። ሳህን ያጥብ ነበር፤ ያንኑ ሳህን መልሶ አጠበው። «በቃ፤ ካልተመቻት አልይዛትም» አለ። ይህን ሲል ፊቱን አየሁት።

ጠዋት አማቴ ቁርስ ላይ ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እማማ፣ መሶቡን የሰቀልኩት እኔ ነኝ። ከወፏ እርስዎ ይበልጡብኛል። ዛሬ አወርደዋለሁ፤ በሩም ይከፈታል።» የምሬን ነበር። መሰላሉን አምጥቼ በሩ ጋ አቁሜው ነበር የገባሁት።

ዳቦአቸውን አስቀመጡ። «ለልደታ በዓል የወፍ ጎጆ ልታፈርሺ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«እኔ ያስፈረስኩት ልባል?» በመስኮቱ ወደ ጓሮው አዩ። ከዚያ ለራሳቸው በሚመስል ድምፅ፣ «ልደታ ደሞ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት ውስጥ የሆነችው?» አሉ። «ሐና የወለደቻት ከቤቷ ወጥታ፣ ተራራ ሥር አይደለም እንዴ? እኛም ሰፈር ውስጥ ንፍሮውን ይዘን ደጅ ነበር የምንወጣ። እዚህ ስንመጣ ነው ዝናብ ፈርተን ቤት ዘግተን የተቀመጥን።»

ይህን እኔም አውቀው ነበር። በልጅነቴ ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ሜዳ ላይ ሲሰበሰብ ንፍሮ በልቻለሁ። ግን እዚህ ማኅበር ማለት ሳሎን ነው፤ ሳሎን ሳሎን ሲባል ሌላው ሳይታሰበኝ ቀረ።

«ዝናቡስ?» አልኩ።

«አንቺ መጽሐፍሽን እይ፤ ዝናቡን ለልደታ ተይላት።»

ዝናቡን አልተውኩላትም። በፖም ዛፉና በመሣሪያ ቤቱ መሀል ትልቅ ሸራ ወጠርኩ፤ ውሃው ወደ አበባው እንዲወርድ አንዱን ጎን ዝቅ አድርጌ። ለጠረጴዛ ከሶዶ ያመጣኋቸውን ሦስት አሮጌ በሮች በእንጨት መቆሚያ ላይ አጋደምኳቸውና ነጭ ጨርቅ አለበስኳቸው። አማቴ ጨርቁን ገልጠው አዩ።

«በር ነው?»

«በር ነው እማማ።»

ጠርሙሳቸውን አመጡና ሦስቱንም ረጩ። ስንዴውን፣ ባቄላውንና ሽምብራውን ለየብቻ ቀቅለው ቀላቀሉት። ለልጃቸውም ደወሉ። «እዚሁ ነው። ዳቦውን ይዘሽ ነይ» አሉ። ስለ ሻንጣው አላነሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እሑድ ሰዉ መምጣት ጀመረ። መኪናቸውን ሣሩ ላይ ፓርክ እያደረጉ ወደ ፊት ለፊት በር ሲያመሩ፣ አማቴ ነጭ ለብሰው የአልጋው በር ጋ ቆመው ይጠሯቸዋል። «በዚህ በዚህ! በዚያ በኩል አራስ አለችብን!»

ድፎ ዳቦ የተሸከመች አንዲት ሴትዮ ቀጥ አለች። «ማን ወለደ?» ብላ ሆዴን አየች።

«እሷ ምን ትወልዳለች፣ አበባ ስትለካ ትውላለች! ያችውና፣ በሩ ላይ።»

ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ አየች። «ውይ! መሶብ ውስጥ! እልል እንበል እንጂ ታዲያ?»

«በቀስታ! ትበርብኛለች።»

ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው በሹክሹክታ እልል አሉ። እንዲህ ያለ እልልታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁም።

የንስሐ አባታችን ዘግይተው ደረሱ። አማቴ መስቀል ከመሳለማቸው በፊት ይቅርታ መጠየቅ ጀመሩ። «አባቴ፣ እርስዎን በጓሮ...»

«እትዬ፣ የኔ አባት ቤት አንድ በር ብቻ ነበረው» አሉ አባታችን። «እሱንም ከበጎቹ ጋር ነበር የምንጋራው። ንፍሮው የት አለ?»

ጸሎት ተደረሰ፤ ዳቦው ተቆረሰ። መሀል ላይ ካፊያው ጀመረ። ሰዉ ሸራው ሥር ተጠጋጋ እንጂ የተነሣ የለም። አንዱ ማኅበርተኛ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ የጠረጴዛውን እጀታ አየና፣ «በበር መግባት ቢከለክሉን በበር ላይ አበሉን!» አለ። አማቴ ከሁሉም በላይ ሳቁ።

ሰዉ ሲበተን የባለቤቴ እህት ሳህኑን ሰብስባ ጨርሳ፣ «እማዬ፣ ሻንጣሽን ልጫንልሽ?» አለች። ባለቤቴ ሸራውን ይፈታ ነበር። እጁ ቆመ።

«አራስ ጥሎ ይኬዳል?» አሉ አማቴ። «ጫጩቶቹ ይውጡ እስቲ።»

ሻንጣው አልጋቸው ሥር ቀረ፤ ታስሮ እንደነበረ።

እንቁላሎቹ ተፈለፈሉ። አማቴ ወንበር መስኮቱ ጋ አድርገው ወንዱም ሴቷም ሲያበሉ ያያሉ። ወደ ቤት ስመለስ የቀኑን ወሬ ይነግሩኛል። «ያ ቀዩ ዛሬ ሰነፈ»፣ «አንዷ ሆዳም ናት፤ የሌሎቹን ትቀማለች»። ቤት ስጠርግ ሻንጣውን እገፋዋለሁ፤ መልሼም ቦታው አደርገዋለሁ። ምን እንዳሰቡ አልጠየቅናቸውም። ባለቤቴ መኪናውን ማጠብ ቀጠለ።

አንድ ቀን ሥራ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። እሳቸው ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ሥራ ቦታ ደውለውልኝ አያውቁም።

«ሄዱ» አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ሆዳሟ መጨረሻ። ፈርታ ነበር።»

ማታ ፕላስተሩን ላጥኩና መሶቡን አወረድኩ። ከንፈሩ በሙሉ በኩስ ተሸፍኗል። «ይታጠባል» አልኩ።

«ደሞ ልትበይበት ነው?» አሉ። እጀታውን ይዘው በሩን ራሳቸው ከፈቱት። ተዘግቶ ስለከረመ ሲጢጥ አለ። ደፉ ላይ ቆመው መንገዱን፣ የፈረሱን አጥር፣ ሣሩ ላይ የቀረውን የጎማ ፈለግ አዩ። ከዚያ ሳይዞሩ፣

«የዚህ በር ቁልፍ የታለ?» አሉ።

ባለቤቴ ማድ ቤት ገባና ከሚስማሩ ላይ አምጥቶ ሰጣቸው። ከመቆለፊያው ከተው ሁለቴ አዙረው ሞከሩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት።

«መሶቡን ከጎን፣ ግድግዳው ላይ ስቀይው» አሉኝ። «በር የሰው ነው። እሷ ስትመለስ ቦታዋን ታውቃለች።»

ሚስማር ፍለጋ ወደ ጋራዥ ሄድኩ።