ጳጉሜን የማያውቀው ብሎጌ

ጋዜጣ ላይ ስሠራ ከጽሑፌ የሚቆርጥ፣ ርዕስ የሚለውጥ አለቃ አጥቼ አላውቅም። ስወጣ የራሴን ብሎግ ከፈትኩ። ዳታቤዝ የሚባል የመረጃ ቋት የለውም፤ እያንዳንዱ ገጽ ተጽፎ ያለቀ ፋይል ነው። ኮምፒውተሬ ላይ ያለች ትንሽ ፕሮግራም ጽሑፌን ወደ ገጽ ትቀይራለች፣ እኔ ኢንተርኔት ላይ እጭናለሁ፣ አለቀ። የዓመት ወጪው ከሾላ ገበያ አንድ ቀን ከምሸምተው አስቤዛ አይበልጥም። «ከእንግዲህ አዛዡም ታዛዡም እኔ ነኝ» እያልኩ ለየካ ጎረቤቶቼ ጉራዬን ነዛሁ።

ጉራው ዳገቱን ወጥቶ፣ ከእኛ በላይ በእንጦጦ በኩል የሚኖሩ አንዲት እትዬ ጋ ደረሰ። ባለቤታቸው መምህር ነበሩ፤ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እትዬ ጳጉሜን 3 ቤታቸው የመታሰቢያ ጸሎት ሊያደርጉ አስበዋል።

«ያስተማሯቸው ልጆች አገሩን ሞልተውታል» አሉኝ። «ቀብሩን ሳይሰሙ ቀሩ። አሁንም ባዶ ወንበር ደርድሬ እንዳልቀመጥ ፈርቻለሁ። በዚያ በምትኮራበት ነገርህ ላይ ጻፍልኝ።»

ጻፍኩ። ፕሮግራሟ ግን ገጹን አልሠራም አለች። በብሎጌ ከየርዕሱ ሥር ቀን በትልቁ ይወጣል፤ ወሩን እኔ በቁጥር እሰጣታለሁ፣ እሷ እኔ በሞላሁላት የአማርኛ ስም ትጽፈዋለች። የጸሎቱ ቀን እንዲወጣ ወሩን 13 ብዬ ስሰጣት ቀኑ ስህተት ነው አለችኝ። ለካ ፈረንጅ የሠራት ናት፤ ከአሥራ ሁለት በላይ ወር አታውቅም። ስንት ባለሥልጣን ያፋጠጥኩ ሰው ከፕሮግራም ጋር አፍ ተካፍቼ ተሸነፍኩ። የምትቀበለውን የቅርብ ቀን፣ ነሐሴ 30ን ሰጠኋትና ትክክለኛውን ቀን በጽሑፉ ማብቂያ ላይ አስገባሁ።

ለጀማሪ ዘጋቢዎች «ዋናውን ነገር መጀመሪያ ላይ አድርጉ፤ እስከ መጨረሻ የሚያነብ የለም» እያልኩ ያረጀሁ ሰው ነኝ።

ነሐሴ 30 ጠዋት ስልኬ ጮኸ።

«አንተ ሰውዬ! ልብስ እያጠብኩ በሬ ላይ ሰው ተሰልፏል፤ ያውም አበባ ይዞ! ምን ብለህ ነው የጻፍከው?»

ዳገቱን በጭቃ እየተንሸራተትኩ ወጣሁ። ሳሎኑ ሞልቶ የተረፈው በረንዳ ላይ ቆሟል። ጸጉራቸው የሸበተ «ልጆች» መምህሩ ጠመኔ እንዴት ይወረውሩባቸው እንደነበር እየተቀባበሉ ይስቃሉ። እትዬ ሳሙናው ከእጃቸው ገና አልለቀቀም። መሐል ቆሜ ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ጸሎቱም ጳጉሜን 3 መሆኑን ተናገርኩ።

«አዛዡም ታዛዡም አንተ ከሆንክ ማንን እንክሰስ?» አለ ጉራዬን የሚያውቅ አንድ ጎረቤት። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ፤ እትዬም ጭምር።

ቤቴ ገብቼ ማረሚያ ጻፍኩ። ከርዕሱ ሥር የሚወጣውን ቀን አጥፍቼ፣ «ጳጉሜን ሦስት» የሚለውን ራሱ ርዕሱ ውስጥ ከተትኩት። ፕሮግራሟ ትንፍሽ አላለችም።

ጳጉሜን 3 የመጀመሪያዎቹ ተመልሰው መጡ፤ ማረሚያውን ያነበቡትም ተጨመሩ። ወንበር ከየጎረቤቱ ተለመነ። እትዬ በር ድረስ ሸኙኝና ክንዴን ያዝ አደረጉ።

«ለከርሞም ሁለት ቀን አድርገህ ጻፍልኝ» አሉ። «አንዱን ለጨዋታ፣ አንዱን ለጸሎት።»