ከምሳ በፊት መውጣት

ባለፈው ክረምት ግቢዬ ውስጥ አንዲት ክፍል የተከራዩኝ ሽማግሌ፣ ኢየሱሳውያን ከሚባለው ማኅበር የሆኑ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት የካቶሊክ ኮሌጆችን በመምራት ነው። ጡረታ ሲወጡ ቀዝቀዝ ያለ አየር ፈልገው እንጅባራ መጡ፤ አገኙትም፤ ጋቢ ደርበው ይንቀጠቀጣሉ። ያን ሁሉ ኮሌጅ የመራ ሰው አንድ ሕንፃ ሳይዝ አይቀርም ብዬ ነበር። የያዙት አንድ ሻንጣ ነው።

እኔ የቀርቀሃ ወንበርና ሶፋ ነጋዴ ነኝ። ሱቁን ለልጄ አስረክቤያለሁ ብዬ ለከተማው ሁሉ አውርቻለሁ፤ የመጋዘኑ ቁልፍ ግን ከቀበቶዬ ወርዶ አያውቅም። አንድ እሁድ ልጄ ግቢው መሃል ቆማ፣

«አባዬ፣ ዳንግላ ሥራ አግኝቻለሁ። ወይ ቁልፉን ስጠኝ ወይ ነገ እሄዳለሁ» አለችኝ።

«ተረክበሽ የለም እንዴ?»

«ዋጋ ስናገር ከኋላዬ ቆመህ ቅንድብህን እያነሳህ!»

ተከራዬ አባ በረንዳው ላይ ሆነው ሳቁ። ተናደድኩ።

«እርስዎስ አባ፣ ኮሌጁን እንዴት ነበር የሚያስረክቡት?»

«ትእዛዝ ይመጣል። ተተኪዬ ጠዋት ይገባል፤ እኔ ከምሳ በፊት እወጣለሁ።»

«ምሳ እንኳ ሳይበሉ?»

«ከቆየሁማ መምህራኑ እሱን ትተው እኔን ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ እመልሳለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

«አይቆጭዎትም?»

«እንዴት አይቆጨኝ! አንዱ ተተኪዬ የተከልኩትን ጽድ ሁሉ ቆርጦ መኪና ማቆሚያ አደረገው።»

«ምን አሉት?»

«ሌላ ከተማ ነበርኩ።»

በማግስቱ ቁልፉን ሰጠኋትና ከምሳ በፊት ሚኒባስ ተሳፍሬ አዲስ ቅዳም ከተማ ወረድኩ። እዚያ ምንም ጉዳይ የለኝም። ሻይ ቤት ገብቼ የሰው ወንበር እያገላበጥኩ ስፌቱን አየሁ። ከዚያ ለልጄ ደወልኩ፤ መብራት አለ ወይ ብዬ። ቆይቼ ደግሞ ዝናብ ገባ ወይ ብዬ ደወልኩ። «አባዬ፣ ምሳ ብላ» ብላ ዘጋችው።

ወዲያው የባሕር ዳር ደንበኛዬ ደወለ። «ልጅህ ሶፋውን አልቀንስም አለችኝ። እስቲ አንድ ቃል በላት።»

ሰውዬውን አውቀዋለሁ፤ ትንሽ ከቀነሱለት ጠረጴዛውንም ጨምሮ ይጭናል። ልጄ ይህን አታውቅም። አፌን ከፈትኩ። አንድ ቃል ካልኩ ግን ነገ ዳንግላ ናት።

«እሷን አናግራት» አልኩት።

«ታመሃል እንዴ?» አለኝ።

«ትንሽ።»

ማታ ቤቴ ስደርስ የገበያ ሰዎች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁኝ ተቀምጠዋል፤ ደንበኛዬ አውርቶ ኖሯል። ይሉኝታ ይዞኝ ጋደም አልኩ። ልጄ ከመጋዘን ስትገባ ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፣

«ለዳንግላዎቹ አልመጣም ብያቸዋለሁ» አለችኝ። «አንተ ብቻ እስከ መስቀል እንዳይሻልህ።»