ሟች አልባሹ

ዓባይ ማዶ በቁሙ ሱፍ ለብሶ የማያውቅ ሁሉ ሲሞት ይለብሳል፤ አልባሹ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ የለቅሶ ፎቶ ላይ ሱፍ እየደረበ የሚያሳምር አንድ ሰውዬ ነው። ራሱ ክርኑ ከተበሳ ሹራብ ወጥቶ አያውቅም። ልጁን ታንኳ ተገልብጦበት ጣና ካስቀረው ወዲህ ግን፣ ሚስቱ ለለቅሶው ፎቶ ሥራ ስትለው፣ «ይኼ አሮጌ ፕሮግራም ፊቱን ያበላሽብኛል» እያለ ከረመ። ጎረቤት ለልጁም ይነፍጋል ብሎ አማው። በመጨረሻ እሷው በየወሩ የሚከፈልበትን አዲሱን ፕሮግራም አስገባችለት።

«በል፣ አሁንስ በምን ታመካኛለህ?»

«መቼ እምቢ አልሁሽ» አለና ተቀመጠ።

ያን ሁሉ ሱፍ አገላብጦ ተወው። ልጁን፣ ጀልባ ላይ ላለመስጠም የሚለበሰውን ብርቱካናማ ላይፍ ጃኬት አለበሰው፤ ማሰሪያውንም አንድ በአንድ አጠበቀለት።