የቻርጀሬ ቀይ ክር

ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት... ቢሮ ቁጭ ብዬ፣ ታብሌቴን ቻርጀር ላይ ሰክቼ፣ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎችን ዝርዝር እያስተካከልኩ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ በአርባ ምንጭ ፀሐይ ከማሳ ማሳ ዞሬ የመዘገብኩት ነው። ድንገት ስክሪኑ ማንም ሳይነካው መዝለል ጀመረ። ይከፍታል፣ ይዘጋል... ቻርጀሩን እስክነቅል ዝርዝሩን ጠራርጎ አጠፋው።

አለቃችን መጥተው አዩ። «እጅሽ ከባድ ነው። ሁለተኛ ቢደገም ታብሌቱን ለሌላ ሰው ታስረክቢያለሽ» አሉኝ። ኮንትራቴ ለዚሁ ምዝገባ ብቻ ነው። ታብሌቱን አስረከብኩ ማለት ቤቴ ገባሁ ማለት ነው።

«ቻርጀሩ ይሆን እንዴ?» አልኩ።

ከጎኔ የሚቀመጠው ማቲዮስ ሳቀብኝ። «ቻርጀር ምን ለየው? ከገባ ገባ ነው፣ ሁሉም አንድ ነው!»

አርብ ጠዋት ታብሌቱን ከነቻርጀሩ ሞባይል ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። በራሱ ቻርጀር ሰካው... ፀጥ። በእኔ ሰካው... ዘለለ። «ታብሌቱ ጤነኛ ነው። ይሄ ግን አብሮት የመጣው ቻርጀር አይደለም፣ ፎርጅድ ነው» አለኝ።

«የእኔማ ነው! ክሬን አታየውም?» አልኩት። ቢሯችን ያለው ቻርጀር ሁሉ ነጭ ስለሆነ፣ እንዳይምታታ ብዬ የእኔ ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። ከዚያ ቋጠሮውን አየሁት...

አባቴ የዶርዜ ሸማኔ ነው። ክር ሲበጠስበት የሚቀጥልባትን ትንሽዬ ቋጠሮ ከልጅነቴ ጀምሮ እጄ ያውቃታል፤ ቀዩን ክሬንም ያሰርኩት በእሷ ነበር። ይሄ ግን እንደ ጫማ ማሰሪያ የታሰረ ነው።

ቢሮ ተመለስኩ። የማቲዮስ ቻርጀር እንደ ሁልጊዜው ሶኬቱ ላይ ተሰክቷል። ክር የለውም... ግን ክሬ ታስሮበት የኖረው ቦታ ላይ፣ ቀለሙ የለቀቀበት ቀጭን ቀይ መስመር አለ። ለካ ባለፈው ሳምንት የእሱም ታብሌት ሲዘልበት ሰንብቶ ድንገት የዳነው በእኔ ቻርጀር ነው!

ቅዳሜ እንደገና ኩልፎ ወርጄ ስመዘግብ ዋልኩ፤ ላቤ ጠብ ባለ ቁጥር የማቲዮስን ስም እጠራለሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እሁድ ቸርች ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ የማስበው ስለ ቻርጀር ነበር። ጌታን እስከ ሰኞ ብቻ ታገሰኝ አልኩት።

ሰኞ ማንም ሳይገባ ቢሮ ደረስኩ። ቻርጀሬን ወሰድኩ፣ የእሱን በቦታው ሰካሁለት። ክሬን በአባቴ ቋጠሮ አሰርኩት።

አለቃችን ምዝገባ ሊያዩ መጡ። ማቲዮስ ታብሌቱን ሰክቶ «የእኔ ሙሉ ነው፣ ይመልከቱ!» ብሎ ዘረጋላቸው። መዝለል ጀመረ። እሳቸው እያዩ የሁለት ሳምንት ዝርዝር ሙልጭ አለ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ!

«አንተም እጅህ ከባድ ነው እንዴ? ነገውኑ ወርደህ እንደገና መዝግብ!» አሉት።

ማቲዮስ ቻርጀሩን አየ። የእኔን አየ። ቋጠሮውን አየ። ቻርጀሬ ተቀየረ ቢል፣ ቀድሞ ማን እንደቀየረው ሊናገር ነው።

«ምነው ማቲዮስ?» አልኩት። «ቻርጀር ምን ለየው? ሁሉም አንድ ነው።»

ይሄን ስጽፍ እሱ ኩልፎ ዳር ፀሐይ ላይ ነው። አላዘንኩለትም። የሸማኔ ልጅ ክር የሚነካ ሰው፣ መጀመሪያ ቋጠሮ ይማር።