ድራም የሌለው አልበም

የሟቹ ድራመር እናት ትናንት እሺ አሉ። ወንድሜ የነገረኝ ከትምህርት ቤት ስገባ ነው፤ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ አቀፍኩት። ደስታዬ ግን ብቻውን አልመጣም፤ ከመጀመሪያው ልጻፈው። እትዬ ስለፈቀዱ አሁን መጻፍ እችላለሁ።

የወንድሜ ባንድ ሮክ ነው የሚጫወተው። ፉሪ ሰፈር በተከራዩት የቆርቆሮ ክፍል ሲለማመዱ ጎረቤት ሁሉ፣ «ዛሬም ቤት እያፈረሱ ነው» ይል ነበር። ከሁሉ በልጦ የሚሰማው ድራሙ ነው። ክረምት ላይ ድራመሩን ገልባጭ መኪና ገጨው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

እናቱ የለቅሶው ድንኳን ውስጥ ቆመው ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱ። ወንድሜ፣ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቅም፣ በስልኩ ቀዳው። ከአርባው በኋላ የባንዱን ልጆች ሌላ ድራመር መፈለግ አስጠላቸው። ያንን የደረት ምት አስቀደሙና ጊታሩን ዝቅ አድርገው ተከተሉት፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ዝም አሉ። አልበሙ እንዲህ ተሠራ። ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ራሱ፣ «ሰው ከፍሎ ለቅሶ ይደርሳል እንዴ?» አለ።

መቼም እናቱን ሳያስፈቅዱ ማውጣት ነውር ነው። እምቢ ካሉ ሊያጠፉት ተስማሙ። ወንድሜ ብቻውን መሄድ ፈርቶ እኔን ይዞኝ ሄደ።

እትዬ፣ የድራመሩ እናት፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አድርገው አልበሙን ሰሙ።

«ይሄ የማን ደረት ነው?»

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

«እኔ ሳለቅስ አንተ ትቀዳኝ ነበር?»

ወንድሜ ስልኩን ለመቀበል እጁን ዘረጋ።

«ልጄ ድስቴን ሁሉ እየደበደበ ጨረሰው። እናንተ ደግሞ እኔኑ ድራም አደረጋችሁኝ።» ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አላወቅኩም። ስልኩን መለሱለት። «ሂዱ፣ ላስብበት» ብለው በሩን ዘጉ።

ከዚያ እስከ ትናንት ባንዱ አልተለማመደም። ወንድሜ ራቱን እየተወ ይነሳል፤ እናታችን «ምነው፣ አንተም ልትከተለው ነው?» ትለዋለች። እትዬ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ይሉኛል፣ ስለ አልበሙ ግን ምንም።

ትናንት እትዬ ወንድሜን አስጠሩት።

«አውጡት። መጀመሪያ ግን እዚሁ ቤቴ ይሰማ፣ አብረውኝ ያለቀሱት ባሉበት። ልጄን የማያውቁትም ይምጡ፤ ሞቱን ብቻ ነው የሰሙት። ጭብጨባ አልፈልግም።»

እንግዲህ ይህን የምታነቡ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ኑ። ፉሪ ደርሳችሁ የድራመሩ እናት ቤት ካላችሁ ማንም ያሳያችኋል። ቤቱ ከጠበበ የዕድሩ ወንበር ደጅ ይወጣል። ሲያልቅ ቶሎ አትነሱ፤ እትዬ አጠገብ ትንሽ ቁጭ በሉ።